የበረዶ ጠራጊ ውል ላይ ምን እንይ?

እኛ አገር በረዶ ሲባል ቆርቆሮ የሚደበድበው፣ ሰብል የሚመታው ነው። አጎቴ ትንሽ ምግብ ቤት ያለው ሚኒያፖሊስ፣ አሜሪካ ነው፤ እዚያ ያለው በረዶ እንደ ተባዘተ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ አድሮ በር ይዘጋል። በቀደም ደውሎ «አንተ ውል ትማር የለ? እስቲ ይቺን እያት» አለና የጠራጊውን ወረቀት ላከልኝ።

የከተማው ደንብ ግልጽ ነው። በረዶው ካባራ በኋላ የመኖሪያ ቤት ባለቤት በ24 ሰዓት፣ ንግድ ቤትና አፓርታማ ደግሞ በ4 የቀን ሰዓታት ውስጥ የእግረኛ መንገዱን ማስጠረግ አለባቸው። «ሰው ቀጥሬያለሁ» ማለት አያድንም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጠራጊው በስንት ሰዓት ይደርሳል የሚለው ነው። የአጎቴ ውል «በተቻለ ፍጥነት» ይላል። አምና ጉድ የሠራችው ይቺ ሐረግ ናት፤ ሰውየው ከሰዓት በኋላ ሲመጣ አንዲት እናት ጠዋት ደጃፉ ላይ ተንሸራተው እጃቸው ተሰብሯል።

ቀጥሎ ክፍያው። አንዱ መንገድ በመጣ ቁጥር መክፈል፣ ሌላው ለወቅቱ በሙሉ በቁርጥ መዋዋል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022/23 ክረምት ሚኒያፖሊስ ላይ 90 ኢንች ገደማ (2.3 ሜትር መሆኑ ነው!) ጣለ፤ በቀጣዩ ክረምት 30 ኢንች እንኳ አልሞላም። በመጀመሪያው ዓመት በቁርጥ የተዋዋለ ተጠቀመ፣ በሁለተኛው ተጎዳ። እንደኔ ግን የአንድ ወር ኪሳራ ለማይችል እንደ አጎቴ ላለ ሰው ቁርጡ ይሻላል፤ ቢያንስ ወጪውን አስቀድሞ ያውቀዋል። ችግሩ፣ በቁርጥ የተከፈለው ጠራጊ ባነሰ ቁጥር ቢመጣ ያተርፋል። መፍትሔው በረዶው ስንት ኢንች ሲደርስ መምጣት እንዳለበት፣ 1 ይሁን 2፣ በቁጥር መጻፍ ነው። በምልልስ ለሚከፈለውም ይኸው ቁጥር ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ያለምክንያት መመላለስ ይወዳል።

ጨውም አለ። ተራው ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ይደክማል፤ ከዚያ በታች ካልሲየም ክሎራይድ ይሻላል፣ ግን ውድ ነው። የማን ወጪ እንደሆነ ይጻፍ። የጠራጊው የመድን ወረቀትም ይታይ፤ ጊዜው አለማለፉን ራሱን መድን ድርጅቱን ደውሎ መጠየቅ ነው።

አጎቴ «በተቻለ ፍጥነት» የሚለውን ሰርዞ «ሌሊት ለጣለ በረዶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት» አስገባ (በእነሱ 7 ሰዓት መሆኑ ነው)። ጠራጊው ዋጋ ካልተጨመረልኝ አልፈርምም ብሏል፤ እስካሁን እየተከራከሩ ነው።