በራስ መኪና ለዑምራ፦ ከኢማራት እስከ መካ ለመንዳት ያሰበ ሰው ምን ያዘጋጅ?



በኢማራት የሚኖሩ ወገኖቻችን የዒድ ፈቃድ ወይም የልጆች እረፍት ሲቃረብ «በራሳችን መኪና ዑምራ ሄደን መመለስ እንችላለን ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አጭሩ መልስ «አዎ፣ ይቻላል» ነው። መንገዱ አስፋልት ነው፤ የሚቋረጠውም አንድ ድንበር ብቻ ነው። አራት ወይም አምስት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ደግሞ ወጪው ከአውሮፕላን ትኬት ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ነገር ግን ከዱባይ እስከ መካ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 1900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻንጣቸውን ጭነው፣ ልጆቻቸውን አሳፍረው ድንበር ድረስ ከሄዱ በኋላ በአንዲት ወረቀት ጉድለት የሚመለሱ አሉ። ከዚያ የከፋው ደግሞ እንቅልፍ በተጫነው ሹፌር ምክንያት የሚደርሰው ነው። ተወኩል ማለት ግመልን ሳያስሩ መተው እንዳልሆነ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት ምን ምን እንደምናስር በቅደም ተከተል እንየው።

መኪናው የማን ነው?

ድንበር ላይ ከመንገደኛው ፓስፖርት እኩል የሚመረመረው የመኪናው ባለቤትነት መታወቂያ ወይም በተለምዶ ሙልኪያ የምንለው ነው። በሙልኪያው ላይ ያለው ስም የሹፌሩ ከሆነና መኪናው ዕዳ ከሌለበት ነገሩ ቀላል ነው። ችግር የሚፈጠረው በሦስት ሁኔታዎች ነው።

አንደኛው መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ሲሆን ነው። ሙልኪያው ላይ የባንኩ ዕዳ ይታያል፤ ስለዚህ መኪናው ከአገር እንዲወጣ ተቃውሞ እንደሌለው የሚገልጽ ደብዳቤ ከባንኩ ማውጣት ያስፈልጋል። ደብዳቤው የምትሄዱበትን አገርና ቀኑን ቢጠቅስ ይመረጣል።

ሁለተኛው መኪናው የከፊል፣ የድርጅት፣ የወንድም ወይም የጓደኛ ሲሆን ነው። «ውሰደው ብሎኛል» የሚል የቃል ፈቃድ ድንበር ላይ ዋጋ የለውም። ባለቤቱ በውልና ማስረጃ ፊት ቀርቦ፣ መኪናውን እገሌ ወደ ሳዑዲ ይዞት እንዲሄድ ፈቅጃለሁ የሚል የዐረብኛ ውክልና መስጠት አለበት። ባለቤቱ አብሯችሁ የሚጓዝ ከሆነ ይህ ችግር አይኖርም።

ሦስተኛው የኪራይ መኪና ነው። አብዛኞቹ አከራዮች መኪናቸው ወደ ሳዑዲ እንዲሻገር አይፈቅዱም። ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቃችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ ካላገኛችሁ አትነሱ።

ቪዛው፣ ፓስፖርቱና ወቅቱ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኢቃማ ያላቸው የውጭ ዜጎች የሳዑዲን ኤሌክትሮኒክ ቪዛ በኢንተርኔት ማመልከት ይችላሉ። በዚህ ቪዛ ዑምራ ማድረግ ይፈቀዳል፤ ሐጅ ግን አይደረግበትም። ልጆችን ጨምሮ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ይወጣል። ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር፣ ኢቃማው ደግሞ ቢያንስ 3 ወር የቀረው መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ማሳደስ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ይህን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

ስማችሁ በፓስፖርቱና በኢቃማው ላይ በተለያየ ፊደል የተጻፈ ከሆነ ቪዛውን በፓስፖርቱ አጻጻፍ ሙሉት። የሥራ ዘርፍም ኢቃማው ላይ እንዳለው ይሁን። በቤት ሠራተኛ ኢቃማ የምትኖር እህት በአብዛኛው የምትገባው ከአሠሪዋ ጋር ስለሆነ፣ ከዘመድ ጋር ለመሄድ ካሰበች ወጪ ከማውጣቷ በፊት ታጣራ።

ወቅቱንም ማየት ግድ ነው። ሐጅ ሲቃረብ የጉብኝት ቪዛ የያዘ ሰው መካ እንዳይገባ ይከለከላል። ለምሳሌ በ1446 ሂጅሪያ ክልከላው የጀመረው ከዙልቀዕዳ 1 ነበር። ዑምራችሁን ከዚያ በፊት ወይም ከሐጅ በኋላ አድርጉት። ቪዛው ከወጣ በኋላ ደግሞ የዑምራ ፈቃዱንና በመዲና ረውዷ ውስጥ ለመስገድ የሚያስፈልገውን ቀጠሮ «ኑሱክ» በተባለው መተግበሪያ ያዙ።

ኢንሹራንስ፦ ለይስሙላ የሚገዛ ወረቀት አይደለም

በኢማራት ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ብዙ ሰው «እኔ ተሸፍኛለሁ» ብሎ ይነሳል። ለኩባንያችሁ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ። የመጀመሪያው «ሳዑዲ ውስጥ በእኔ መኪና ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ትከፍላላችሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «እኔ በሌላ ሰው ላይ የማደርሰውንስ?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ተሸፍኖ ሁለተኛው ሳይሸፈን ይገኛል። ለሁለተኛው በዐረብ አገሮች የሚሠራውን የብርቱካን ካርድ ከኩባንያው ማውጣት ወይም ለውጭ መኪኖች የሚሸጠውን ኢንሹራንስ ከሳዑዲ በኩል መግዛት ያስፈልጋል።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በሳዑዲ በስህተት ለሚጠፋ የአንድ ሙስሊም ወንድ ሕይወት የሚከፈለው ዲያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ወደ 300 ሺህ ሪያል ከፍ ብሏል። በሾፌርነት ወይም በጉልበት ሥራ ለሚያድር ወገናችን ይህ የዕድሜ ልክ ዕዳ ነው። ገንዘቡን ኢንሹራንስ ቢከፍለው እንኳ በስህተት ነፍስ ያጠፋ ሰው በአላህ ፊት ከፋራ አለበት፤ ይኸውም ባሪያ ነፃ ማውጣት ሲሆን፣ ይህን ያላገኘ ሁለት ተከታታይ ወር ይጾማል። ለዒባዳ የወጣ ሰው የሰው ሕይወት አጥፍቶ እንዳይመለስ መጠንቀቅ ከጉዞው ግዴታዎች አንዱ ነው።

መኪናው ለ4000 ኪሎ ሜትር ዝግጁ ነው?

ደርሶ መልሱ፣ ከመካ ውስጥ እንቅስቃሴ ጋር፣ ወደ 4000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መኪናችሁ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚበላ ከሆነ 400 ሊትር ያህል ነዳጅ አስቡ።

ከመነሳታችሁ ከአንድ ሳምንት በፊት መኪናውን ጋራዥ አስገቡ። የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ውሃና ቱቦዎቹ፣ ፍሬን፣ ባትሪና ማቀዝቀዣው ይታዩ። ከሁሉ በላይ ጎማውን እዩ። በበጋ ሙቀት በተቃጠለ አስፋልት ላይ ሻንጣ ጭኖ በ120 የሚሮጥ ያረጀ ጎማ ሲፈነዳ መኪናውን ይገለብጣል። በኢማራት ከተመረተ 5 ዓመት ያለፈው ጎማ መጠቀም ራሱ ክልክል ነው። የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ጎማው ጎን ላይ በአራት አሃዝ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 2322 የሚል ከሆነ በ2022 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። መለዋወጫ ጎማ፣ ክሪክ፣ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘንና በቂ የመጠጥ ውሃ ይኑራችሁ።

አደራ ዕቃ

ጉዞው ሲሰማ «ይቺን ለእገሌ አድርሱልኝ» የሚል አይጠፋም። የታሸገ ዕቃ ከማንም አትቀበሉ። የራሳችሁ ዘመድ ቢሆንም ከፍታችሁ እዩ። በአገራችን በገበያ የሚሸጠው ጫት በኢማራትም በሳዑዲም እንደ አደንዛዥ ዕፅ የተከለከለ ነው። እንደ ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም በሁለቱም አገር ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ በዋናው ማሸጊያው ከሐኪም ማዘዣው ጋር ያዙት። ጉምሩክ ዕቃውን ሲያገኘው የሚጠይቀው ላኪውን ሳይሆን ሹፌሩን ነው።

መንገዱን በቀን መከፋፈል

ከአቡ ዳቢ እስከ ገውይፋት ድንበር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኢማራት በኩል የመውጫ ክፍያ ተከፍሎ ፓስፖርት ይመታል። ከዚያ በሳዑዲው በጥሓ ኬላ የጣት አሻራ፣ የጉምሩክ ፍተሻና የኢንሹራንስ ማጣሪያ አለ። በአዘቦት ቀን በሁለት ሰዓት ሊያልቅ ይችላል፤ በዒድ ሰሞንና በሳምንቱ መጨረሻ ግን ወረፋው ይረዝማል። ሳዑዲ ከኢማራት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንደሆነ አትርሱ። ስልካችሁ ሰዓቱን ሲቀይር የሰላት ጊዜውንም አብራችሁ ቀይሩ።

ከድንበሩ በኋላ ያለው በረሃ ረጅምና አንድ ዓይነት ነው። ነዳጁ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ፤ «ቀጣዩ ማደያ ላይ» አትበሉ። በመሸ ጊዜ ግመል መንገድ ሊያቋርጥ ስለሚችል በተቻለ መጠን በብርሃን ንዱ። በሳዑዲ «ሳሂር» የሚባለው የፍጥነት ካሜራ በብዙ ቦታ አለ፤ የፍጥነት ወሰኑን ከምልክቱ ላይ እያነበባችሁ ተጓዙ። ቅጣት ካለባችሁ ስትወጡ ድንበር ላይ ትከፍሉታላችሁ።

የእኛ ምክር መንገዱን በሦስት ቀን መክፈል ነው። በመጀመሪያው ቀን ከፈጅር በኋላ ተነስቶ ሁፉፍ ወይም፣ ሁለት ሹፌር ካለ፣ ሪያድ ማደር። በሁለተኛው ቀን ጧይፍ መድረስ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ታጥቦና አርፎ ወደ ሚቃት መውረድ። ከሪያድ እስከ መካ ብቻ 870 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ አትሞክሩ። በየሁለት ሰዓቱ ቆማችሁ እግራችሁን አፍታቱ። ዓይን መከደን ከጀመረ ቡናም ሆነ የተከፈተ መስኮት አያድንም፤ ማደያ ገብቶ ግማሽ ሰዓት መተኛት ነው የሚበጀው። ልጆች ከኋላ በቀበቶ ይታሰሩ፤ በእናት ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን በግጭት ጊዜ የሚይዘው የለም።

ሰላትና ሚቃት

መንገደኛ ባለ አራት ረከዓ ሰላቶችን ማሳጠር ይችላል። በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ ርቀቱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመርም ይፈቀዳል፤ በሐነፊይ መዝሀብ ግን በጉዞ ምክንያት ማጣመር የለም። አብራችሁ የምትጓዙ ሰዎች የተለያየ መዝሀብ ካላችሁ በመንገድ ላይ ክርክር እንዳይነሳ ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ሚቃቱ ግን ለሁሉም ግዴታ ነው። በሪያድና በጧይፍ በኩል ለሚመጣ ሰው ሚቃቱ ቀርን አል-መናዚል ሲሆን ዛሬ አስ-ሰይል አል-ከቢር ይባላል። ከጧይፍ ሁለት መንገድ አለ። በሰይል በኩል ያለው ረዘም ቢልም ለጥ ያለ ነው። በሀዳ በኩል ያለው አጭር ቢሆንም ከተራራው በጠመዝማዛ ይወርዳል፤ ፍሬኑን ለማያምን ወይም የተራራ መንገድ ላልለመደ ሹፌር አንመክረውም። በሀዳ ለሚወርድ ሰው ሚቃቱ ከቁልቁለቱ በፊት የሚገኘው ዋዲ መሕረም ነው። የስልክ ካርታ «ሚቃት ደረስክ» አይልም፤ ስለዚህ የሚቃቱን መስጂድ ራሱን እንደ መቆሚያ መዝግቡት። ዑምራ ነይቶ ያለ ኢሕራም ያለፈ ሰው ወደ ሚቃቱ መመለስ አለበት፤ ሳይመለስ በውስጥ ኢሕራም ካደረገ ደም (እርድ) ይኖርበታል።

መጀመሪያ መዲና ለሚሄድ ሰው ሚቃቱ ከመዲና ሲወጣ የሚያገኘው ዙልሑለይፋ፣ ማለትም አብያር ዐሊይ ነው። የኢሕራም ልብሳችሁን ከሻንጣው ሥር አትቅበሩት፤ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ አስቀምጡት።

መካ ከገባችሁ በኋላ መኪናውን ሐረም አጠገብ ለማቆም አትድከሙ። እንደ ኩዳይ ባሉ ማቆሚያዎች አቁማችሁ በአውቶቡስ ግቡ። ሆቴል ስትይዙም መጀመሪያ የምትጠይቁት «መኪና ማቆሚያ አለው ወይ?» ብላችሁ ይሁን።

ችግር ቢያጋጥም

በምሥራቁ ግዛት፣ በሪያድና በመካ አካባቢ የአደጋ ጊዜ ስልክ 911 ነው። የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው። በቀላል ግጭት ጊዜም ቢሆን በስምምነት ተለያይታችሁ አትሂዱ፤ የአደጋው ሪፖርት ሳይኖር ኢንሹራንስ አይከፍልም። ፓስፖርት ቢጠፋ በሪያድ የኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ በጅዳ ደግሞ ቆንስላ አለ። የሁሉንም ሰነድ ፎቶ በስልክ፣ ቅጂውን ደግሞ በሌላ ሰው ቦርሳ ያዙ።

በመጨረሻም፣ ከመነሳታችሁ በፊት ከመካከላችሁ አሚር ምረጡ። የነዳጅና የማደሪያ ወጪ ማን ምን ያህል እንደሚሸፍን በግልጽ ተስማሙ። ዕዳችሁን ጻፉ፤ ሰው ያስቀየማችሁ ካላችሁ ዐውፍ ተባባሉ። ሹፌሩ «ደክሞኛል» ሲል ማንም «ትንሽ ነው የቀረው» አይበለው። ሐረሙ በግማሽ ቀን መዘግየት አያመልጣችሁም።

የመንገደኛ ዱዓ ከማይመለሱ ዱዓዎች ነውና በየመንገዱ ለራሳችሁ፣ ለወላጆቻችሁና ለአገራችን ሰላም ዱዓ አድርጉ፤ እኛንም አትርሱን። አላህ ጉዟችሁን ያግራላችሁ፣ ዑምራችሁን ይቀበላችሁ፣ በሰላም ወደ ቤታችሁ ይመልሳችሁ። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።