የአንድ ቀን እንግዳ በሆሳዕናና በዱራሜ

በካሪቢያን ባሕር የሚመላለሱ የመዝናኛ መርከቦች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ እንደጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ያሉ፣ እስከ 7,600 መንገደኛ የሚይዙ ግዙፎች ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ200 የማይበልጥ ሰው ጭነው፣ ግዙፎቹ ሊጠጉባቸው በማይችሉ ጠባብ ወደቦችና ትንንሽ ደሴቶች አጠገብ መልሕቅ የሚጥሉ መርከቦች ናቸው። በግዙፉ መርከብ ላይ ዋናው መስሕብ መርከቡ ራሱ ነው፤ ትንሹ መርከብ ግን ከመኝታና ከመጓጓዣነት ብዙም የማያልፍ በመሆኑ፣ የጉዞው ፋይዳ የሚለካው መንገደኛው ወደ የብስ ወርዶ በሚያሳልፋቸው ቀናት ነው። እነዚህን ቀናት አስቀድሞ ማሰናዳት በዚህ ምክንያት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

የሙያው መሠረት ቀኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መቁጠር ነው። መርከቡ መልሕቅ የሚያነሣበት ሰዓት ከታወቀ በኋላ፣ መንገደኞች ሁሉ ተጠቃልለው የሚገቡበት ሰዓት ከዚያ ቀደም ብሎ ይወሰናል፤ ከዚህም ላይ በትንሽ ጀልባ ከዳርቻ ወደ መርከብ የሚወስደው ጊዜና ለዝናብ፣ ለማዕበል ወይም ለመኪና ብልሽት የሚተው ትርፍ ሰዓት ይቀነሳል፤ የሚቀረው ብቻ ነው ለጉብኝት የሚውለው። በዶሚኒካ ደሴት የሚገኘውን የሚፈላ ሐይቅ ለማየት የሚደረገው የእግር ጉዞ ደርሶ መልሱ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ፣ ያንን የመረጠ ሰው በዚያው ቀን ሌላ ነገር አይጨምርም። ለአንድ ቀን አንድ ከባድ ጉዳይና፣ ጊዜ ከተረፈ፣ አንድ ቀላል ጉዳይ መመደብ የዘርፉ ያልተጻፈ ሕግ ነው ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ለዚህ አሠራር በመልክ የሚቀርበው በጣና ሐይቅ ላይ የሚደረገው የገዳማት ጉብኝት ነው። ከባሕር ዳር የሚነሡ ጀልባዎች ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ያደርሳሉ፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰሉ ገዳማት በሥዕሎቻቸው ይታወቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁን ስለሚያናውጠው ጀልባዎቹ በማለዳ መውጣትን ይመርጣሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት በመሆናቸውም፣ ሴትና ወንድ አብረው የሚጓዙበት ቡድን የሚወርድበትን ደሴት ከመነሣቱ በፊት መምረጥ ይኖርበታል። ጣናን ከመሳሰሉ ሐይቆች ውጪ ግን የኢትዮጵያ ጉብኝት በአብዛኛው የመንገድ ጉብኝት ስለሆነ፣ የትንሹን መርከብ ሥራ የሚሠራው ጥቂት ሰዎችን የሚጭነው ላንድክሩዘር ወይም ኮስተር ነው። ይህ አሠራር ከሁሉ ይልቅ ሊጠቅማቸው ከሚችሉ ከተሞች መካከል የሐዲያና የካምባታ ከተሞች ይገኛሉ።

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ የሐዲያ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልልም መቀመጫ ናት። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዋ መጠሪያነት ይኖራል። ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስዱት ሁለት መንገዶች አንደኛው በቡታጅራ፣ በወራቤና በሆሳዕና፣ ሌላው በሻሸመኔና በሀላባ ቁሊቶ አልፈው ወላይታ ሶዶ ላይ ይገናኛሉ፤ የካምባታ ዞን ከተማ ዱራሜም በሁለቱ መካከል ትገኛለች። ወደ ደቡብ ኦሞ የሚጣደፈው ጎብኚ ግን እነዚህን ከተሞች የሚያውቃቸው ምሳ በልቶ፣ ነዳጅ ሞልቶ በማለፍ ነው። ይህ ለከተሞቹም ለጎብኚውም ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም በቅጡ የተሰናዳ አንድ ቀን በሆሳዕና፣ አንድ ቀን በዱራሜ የዋለ ሰው ስለ ደቡቡ የእንሰት ሀገር የሚያገኘው ዕውቀት በመኪና መስኮት ከሚቃረም ሳምንት ይበልጣል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ሆሳዕና ከመድረስ በፊት ነው። በቡታጅራ መንገድ ላይ የመልካ ቁንጡሬ የቅድመ ታሪክ ሥፍራ፣ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያምና የጢያ ትክል ድንጋዮች ተከታትለው ስለሚገኙ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት የሚሞክር ቡድን ሆሳዕና የሚደርሰው ከጨለመ በኋላ ነው። ጢያ በ1980 እ.ኤ.አ.፣ መልካ ቁንጡሬ ደግሞ ከባልጪት ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ በመሆናቸው ሁለቱም የየራሳቸው ክብደት አላቸው፤ ሆኖም በመድረሻው ቀን ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን ለመልስ ወይም ለሌላ ጉዞ መተው ይሻላል። ጢያ ከመንገዱ ብዙ የማያስወጣ ስለሆነ፣ በላያቸው የጎራዴ ምስልና ሌሎች ምልክቶች የተቀረጹባቸውን ድንጋዮች ተዘዋውሮ አይቶ፣ ቡታጅራ ላይ ምሳ በልቶ፣ ገና ብርሃን ሳለ ሆሳዕና መግባት ይቻላል።

የሆሳዕና ቀን ዋና ጉዳይ እንሰት መሆን አለበት። እንሰት ሙዝን የሚመስል፣ ነገር ግን ለፍሬው ሳይሆን ለግንዱና ለሥሩ የሚተከል ተክል ሲሆን፣ ለምግብ እስኪደርስ እንደ ዝርያውና እንደ ደጋ ቆላው በርካታ ዓመታት ይፈጃል። ሴቶች ግንዱን ከፍለው ይፍቁታል፤ የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ ከፍቂያው ተጨምቆ የሚወጣው ፈሳሽ ሲረጋ ነጩን ቡላ ይሰጣል፤ የሚቀረው ጭረት ደግሞ ለገመድና ለሌላም የሚያገለግለው ቃጫ ነው። የአንድ ቀን እንግዳ ይህን ሁሉ ሂደት ከዳር እስከ ዳር ሊያይ አይችልም፤ ፍቂያው በየዕለቱ የሚሠራ ሥራ አይደለም፣ ቆጮውም ለመብላላት ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይፈልጋል። ስለዚህ አሰናጁ በዚያ ሳምንት በእርግጥ የሚፍቅ ቤተሰብ በአካባቢው አስጎብኚ አማካይነት አስቀድሞ ያፈላልጋል፤ ከተገኘ የቀኑ መርሐ ግብር በቤተሰቡ ሰዓት ይቃኛል፤ ካልተገኘም ለታይታ ብቻ ተክል ከማስቆረጥ ይልቅ ጓሮውን፣ የተቀበረውን ቆጮና ገበያ የቀረበውን ቡላ ማሳየት ይበቃል። ዓመታት ያደገን ተክል ለአንድ ፎቶግራፍ ማስጣል እንግዳውን በማያስከብር፣ ባለቤቷንም በማይጠቅም መንገድ ገንዘብ ማባከን ነው።

ገበያ የሚቆምበት ቀን ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ፣ ሁለት ከተሞችን የሚጎበኝ ሰው የቱን በየትኛው ቀን እንደሚያስቀድም የሚወስነው ከመንገዱ ርቀት ይልቅ ይህ የገበያ ተራ ነው። በገበያ ቀን ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ቅቤና ቅመም፣ የሸክላ ዕቃና የገጠሩ ምርት ሁሉ ከየአቅጣጫው ይገባል፤ ገበያ በሌለበት ቀን ያው ሜዳ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዕሑድን በተመለከተ ደግሞ የሐዲያና የካምባታ ሕዝብ አብዛኛው የፕሮቴስታንት አማኝ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ አካባቢው ከመጡ ወዲህ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በሰፊው ስለተስፋፋች፣ በዕሑድ ጠዋት አስጎብኚውም፣ ባለቤቲቱም፣ ሾፌሩም ጸሎት ቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ያላሰበ መርሐ ግብር ግማሽ ቀን ይባክንበታል፤ ያሰበበት ግን ጠዋቱን ለአምልኮና ለመዝሙር ትቶ፣ ሥራውን ከምሳ በኋላ ይጀምራል።

ለምሳው አተካና ከአንድ ቀን በፊት ይታዘዛል። ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሰናዳው ይህ የሐዲያ ባህላዊ ምግብ ለበዓልና ለክብር እንግዳ የሚቀርብ ስለሆነ፣ በመንገድ ያለፈ ሰው ድንገት ገብቶ የሚያገኘው ነገር አይደለም። ቅቤው ብዙ በመሆኑም ከዚያ በኋላ ረጅም የእግር ጉዞ መመደብ አይገባም፤ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ለከተማዋ ታሪክ ይመቻል። በሆሳዕና የሚገኘው ሆስፒታል የተሰየመላት ንግሥት እሌኒ የሐዲያ ገዥ ልጅ ስትሆን፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ሆና፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ለሕፃኑ ልብነ ድንግል ሞግዚት በመሆን ሀገር ያስተዳደረችና ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላከች ሴት ነች። ስለ እሷ በሐዲያ ምድር ላይ፣ በአካባቢው ተወላጅ አንደበት የሚሰጥ የግማሽ ሰዓት ማብራሪያ ከብዙ ሐውልት ይሻላል።

ሁለተኛው ቀን የካምባታ ነው፤ ከባዱ ጉዳይም ሐምበሪቾ ተራራ ነው። ሐምበሪቾ 3,058 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ካምባታን የመሠረቱ ሰባት ጎሳዎች በዚህ ተራራ ላይ እንደሰፈሩ በትውፊት ይነገራል፤ «ወማ» በሚል ማዕረግ ይጠሩ ከነበሩት የካምባታ ነገሥታት ታሪክ ጋርም ስሙ የተቆራኘ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ ላይ የሚያወጣ 777 እርከን ያለው ደረጃ ስለተሠራለት «ሐምበሪቾ 777» በሚል ስም የታወቀ መዳረሻ ሆኗል። ደረጃው አቀበቱን ለአብዛኛው ሰው የሚቻል ቢያደርገውም ከፍታውን አልቀነሰውም፤ ከዝቅተኛ ሀገር የመጣ እንግዳ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ በሆሳዕና አንድ ሌሊት ማደር ሰውነትን ለማለማመድም ይጠቅማል። መውጣት የሚገባው በማለዳ ነው፤ ቀኑ ሲገፋ ደመና ዙሪያውን ሊሸፍነው ይችላል፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ እኩለ ቀን ላይ ከደረጃው መውረድ ብልኅነት ነው። ከዚያ በኋላ ዱራሜ ላይ ምሳ መብላትና ከተማዋን በእግር ወይም በባጃጅ መዞር የቀኑ ቀላል ጉዳይ ይሆናል።

የውጭ ሀገር እንግዳ ላለበት ቡድን የሰዓት አቆጣጠሩ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። መርከቦች የደሴቶቹ ሰዓት ቢለያይም የራሳቸውን ሰዓት ይዘው ሊጓዙ ስለሚችሉ መንገደኛውን ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ፤ በኢትዮጵያም ሾፌሩ «12 ሰዓት» ሲል ማለዳን፣ እንግዳው ግን እኩለ ቀንን ሊያስብ ስለሚችል፣ መነሻው በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ይታደላል። በካሪቢያን መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው ጉብኝት የዘገየን ሰው ይጠብቃል፤ በራሱ የወጣውን ግን ትቶት ሊሄድ ይችላል። በሆሳዕና መንገድ ተሽከርካሪው ማንንም ትቶ አይሄድም፤ የመዘግየት ዋጋ የሚከፈለው መብራት በሌለው፣ ከብትና እግረኛ በሚበዛበት መንገድ በሌሊት በመንዳት ነው። ፀሐይ በዚህ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ስለምትጠልቅ፣ የቀኑ የመጨረሻ ሰዓት መልሕቅ እንደሚነሣበት ሰዓት የተቆረጠ ነው፤ ስሌቱ ሁሉ ከእሱ ወደ ኋላ ይቆጠራል።

የመስከረም አጋማሽ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐዲያ የዘመን መለወጫውን ያሆዴን፣ ካምባታ መሳላን የሚያከብሩት ከመስቀል ጋር ተቀራርበው ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ከተሞች ተወላጁ ወደ ቤተሰቡ ይጎርፋል፤ መኪናና አልጋ ይጠፋል፤ መደበኛውም ሥራ ይቆማል። በሐዲያ ወንዶች ለበሬ መግዣ አስቀድመው በማኅበር ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶችም በ«ዊጆ»፣ ማለትም ቅቤ በየተራ በማዋጣት፣ ለበዓሉ ይዘጋጃሉ። ይህን ማየት የሚፈልግ እንግዳ መጠለያውን ከወራት በፊት መያዝ፣ በየቀኑ ይሠራል የተባለውንም መርሐ ግብር ወደ ጎን ትቶ በአንድ ቤተሰብ ግብዣ ሥር መግባት አለበት፤ ያልተጋበዘ ቡድን በበዓል ቀን ከደጅ ደጅ እየተዘዋወረ ካሜራ መደቀኑ ተገቢ አይደለም። በዓሉን ሳይሆን መልክዓ ምድሩን የሚፈልግ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉትን ወራት ቢመርጥ መንገዱ ደረቅ፣ ሀገሩም ገና ለምለም ሆኖ ያገኘዋል።

ከዱራሜ በኋላ መንገዱ በሁለት አቅጣጫ ይከፈላል። ወደ ደቡብ የሚቀጥለው ቡድን በወላይታ በኩል አረካ ሲደርስ ወደ አጆራ መንታ ፏፏቴዎች መታጠፍ ይችላል፤ አጃጮና ሶኬ የተባሉት ወንዞች ከገደል የሚወረወሩበት ይህ ሥፍራ የራሱን ግማሽ ቀን ስለሚፈልግ፣ ሐምበሪቾ በተወጣበት ዕለት ሊደረብ አይገባም። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ግን ከዱራሜ ወደ ሀላባ ቁሊቶ ወርዶ፣ በበርበሬዋ የታወቀችውን ከተማና ግድግዳቸው በሥዕል ያጌጡትን የሀላባ ጎጆዎች አይቶ፣ በሻሸመኔ መንገድ ይመለሳል። ከጥዋቱ 2 ሰዓት ከዱራሜ የተነሣ ቡድን ሀላባ ላይ እስከ ረፋድ ቆይቶ፣ ባቱ ላይ ምሳ በልቶ፣ ሳይመሽ አዲስ አበባ ይገባል።