ለጣና ጀልባ ሸራ ማሰፋት

ከጣራ ገዳም በስተምዕራብ የተንጣለለው ጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ፀሐዩ ይበረታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ አያባራም። ስለዚህ ሞተር ጀልባ ያለ ሸራ ቶሎ ይጎዳል።

ለጀልባ ብቻ የሚሰፋ ባለሙያ ከመፈለግ የጭነት መኪና ሸራና ድንኳን የሚሰፋውን መጠየቅ ይሻላል፤ ወፍራም ሸራ የሚችል የስፌት መኪና ያለው እሱ ነው። ቀድሞ የሰፋውን ሸራ ገልብጦ ማየት ሙያውን በደንብ ያሳያል። ጠርዙ ታጥፎ ሁለት ጊዜ መሰፋት፣ የገመድ ማስገቢያው ዙሪያም በድርብ ሸራ መደገፍ አለበት። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር በእርጥበት በስብሶ ስፌቱ ከሸራው ቀድሞ ይለቃል።

ልኩ የሚወሰደው ከጀልባው ላይ ነው። መሐሉን ቀና የሚያደርግ ቅስት ብረት ከሌለ ሸራው ውኃ ያቁርና በክብደቱ ይቀደዳል።