ለሰፊ ፎቶግራፍ የሚሆን ስላይድና ሞርሳ አመራረጥ

በባሕር ዳር ከተማ «ፔዳ» ተብሎ የሚጠራው ሠፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ከተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። አካዳሚው በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም የቀድሞው ስም ከሠፈሩ አልለቀቀም። ተማሪ በብዛት ባለበት የፎቶግራፍ ሥራ አይጠፋምና በምረቃ ሰሞን ካሜራ ያነገተ ሰው በየመንገዱ ይታያል። ተመራቂው ገዋን ለብሶ ከወላጆቹ ጋር መነሣቱ ብቻ አይበቃውም፤ አብረውት የተማሩት ሁሉ በአንድ ሥዕል ላይ እንዲወጡለት ይፈልጋል። የሆቴል ባለቤትም በበኩሉ ግድግዳውን የሚሞላ የጣና ሐይቅ ወይም የጢስ ዐባይ ሥዕል ቢያገኝ አይጠላም።

እንዲህ ያለው ሥራ ፓኖራማ ይባላል። ይኸውም ካሜራውን በአንድ ሥፍራ አቁሞ፣ በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ ብዙ ፎቶግራፍ ማንሣትና በኋላ በኮምፒዩተር አንዱን ከአንዱ ማገጣጠም ነው። ዛሬ የእጅ ስልክም ይህንኑ ይሠራል፤ በስልኩ ገጽ ላይ ሲታይም ያምራል። ዳሩ ግን ሥዕሉ ሁለት ሜትር ሆኖ ታትሞ በአዳራሽ ሲሰቀል፣ ተሰብሮ የተጋጠመው የመስኮት ጠርዝ፣ ሁለት የሆነው ምሰሶ፣ ጆሮው የጎደለው ተመራቂ ሁሉ ይገለጣል። ያን ጊዜ ደንበኛው ሥዕሉን ይመልሳል፤ ባለ ፎቶ ቤቱም የሕትመቱን ወጪ ብቻውን ይሸከማል።

የጉድለቱን ምክንያት ለመረዳት መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ዓይን ጨፍኖ ጣትን ከፊት ለፊት ማቆምና ራስን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር ነው፤ ጣቱ ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ ይታያል። ዓይን የራስ መዞሪያ በሆነው በአንገት ላይ ሳይሆን ከፊቱ ስለሚገኝ፣ ራስ ሲዞር ዓይንም ሥፍራ ይለውጣል። ካሜራም እንዲሁ ነው። በማቆሚያው ላይ የሚታሰርበት ቀዳዳ ከሥሩ ሲሆን፣ ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ብሌን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወደ ፊት ይርቃል። ስለዚህ ካሜራውን ወደ ኋላ ስቦ ብሌኑን በመዞሪያው ልክ ላይ የሚያኖር ተንሸራታች ዘንግ ያስፈልጋል። ፋብሪካዎቹ «ኖዳል ስላይድ» ይሉታል። ስሙ የተሳሳተ ነው፤ በኦፕቲክስ ትምህርት ኖዳል የሚባለው ነጥብ ሌላ ነውና። ነገር ግን ዕቃው በዚሁ ስም ስለሚታወቅ በዚሁ ስም ማዘዝ ይሻላል።

አስቀድሞ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ይህ ዕቃ ለሁሉም ሥራ አያስፈልግም። ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆኖ የዐባይን ወንዝና ከተማውን የሚያነሣ፣ ወይም ከፏፏቴው ማዶ ቆሞ ጢስ ዐባይን የሚያነሣ ሰው፣ ከፊቱ ቅጠል ወይም አጥር እስካልገባበት ድረስ ስላይድ ባይኖረውም ሥዕሉ ይገጥማል። ሁሉም ነገር ሩቅ ነውና ጥቂት የብሌን መናወጥ አይታይም። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ጠንካራ ትራይፖድና ውሃ ልክ ይበቃዋል። ይህን በግልጽ የሚነግር ሻጭ አንድ ስላይድ ሳይሸጥ ቢቀር ደንበኛውን አያጣም።

ስላይድ ግድ የሚሆነው ቅርብና ሩቅ በአንድ ሥዕል ሲገናኙ ነው። በዘጌ የሚገኘውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እንውሰድ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሲሆን፣ ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቃቸው ሥዕሎች በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ናቸው። ፎቶግራፍ አንሺው የአባቶችን ፈቃድ አግኝቶ ሲቆም ከግድግዳው የሚርቀው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው፤ በሩ በአጠገቡ፣ የዙሪያው መተላለፊያ በጎንና በጎኑ ይሆናል። እዚያ ብሌኑ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢስት የበሩ መቃን ለሁለት ይከፈላል። በሐይቁ ዳር ታንኳን ከፊት፣ ደሴትን ከኋላ አድርጎ ማንሣትም እንዲሁ ነው። የምረቃው የቡድን ፎቶግራፍም ከዚህ ይመደባል፤ ተማሪዎቹ ቅርብ፣ ሕንፃው ሩቅ ነውና።

ስለ ቡድን ፎቶግራፍ አንድ የቆየ ብልሃት አለ። እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘው ሰርከት የተባለው ካሜራ በማቆሚያው ላይ ራሱ እየዞረ በረዥም ፊልም ላይ ያነሣ ነበር። በቀጥታ የተሰለፈ ሰው በእርሱ ሲነሣ ዳርና ዳሩ እያነሰ ስለሚጎብጥ፣ አንሺዎቹ ሰዎቹን ካሜራውን በግማሽ ክብ ከበው እንዲቆሙ ያደርጉ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰልፉ በሥዕሉ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ዛሬም ያው ነው። ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ ከሰልፉ ጀርባ በመሮጥ በሌላው ጫፍ ዳግመኛ የሚነሣ ቀልደኛም ያን ጊዜ አልጠፋም፤ በፔዳም የሚጠፋ አይመስልም።

አሁን ወደ ዕቃው እንመለስ። ገዢ በመጀመሪያ የሚስተው በርዝመቱ ነው። ባለ 12 ሳንቲ ሜትር ስላይድ ካሜራውን 12 ሳንቲ ሜትር የሚስብ ይመስለዋል፤ አይደለም። ካሜራውን የሚይዘው የላይኛው ሞርሳ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከሥር ያለው የትራይፖዱ ሞርሳም 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል የሚገኘው እርቀት ከ6 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ባለ 20 ሳንቲ ሜትሩ ግን በዚሁ ስሌት 14 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ብቻ ለማስመጣት ለሚገደድ ነጋዴ ረዥሙ ይሻላል። አጭሩ ሲገዛ ይረክሳል፤ ነገር ግን ሌንሱ ረዘም ያለ ደንበኛ በማግሥቱ ይዞት ይመለሳል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። ተንሸራታች ዘንግ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን በጫፉ ላይ ያለው ሞርሳ ለዘንጉ አግድም የቆመ መሆን አለበት። በካሜራው ሥር የሚታሰረው ፕሌት ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ ሲሆን ስላይዱ ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳልና። ሞርሳው ከዘንጉ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሆነው ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። በወረቀት ላይ የሚታየው ፎቶግራፍ ይህን በግልጽ ስለማያሳይ፣ ትእዛዙ ከመጻፉ በፊት ላኪውን መጠየቅ ይገባል። ካሜራውን አቁሞ ለማንሣት የሚያስችለው የኤል ቅርጽ ያለው ፕሌትም አብሮ ሊታዘዝ ይገባል፤ ፓኖራማ ባብዛኛው በቆመ ካሜራ ይሠራልና። ይህ ፕሌት በየካሜራው ሞዴል ስለሚለያይ በከተማው የትኛው ካሜራ እንደሚበዛ አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ስለ ሞርሳው ሁለት ዓይነት ይቀርባል። አንዱ በማንሻ፣ ሌላው በሚጠመዘዝ ቡሎን ይዘጋል። ባለ ማንሻው ፈጣንና ለዓይን የሚያምር ነው። ነገር ግን አርካ ስዊስ በሚባለው ልክ የሚሠሩት ፕሌቶች ወርዳቸው 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ይባል እንጂ ከፋብሪካ ፋብሪካ በትንሹ ይለያያሉ። ማንሻው በአንድ ልክ የሚዘጋ ከሆነ፣ ጠበብ ያለ ፕሌት ሲገባበት የተያዘ መስሎ ይላላል፤ ሰፋ ያለው ሲገባበት ደግሞ አይዘጋም። የሌላውን ሰው ፕሌት ለሚያስተናግድ ገበያ የሚጠመዘዘው ይመረጣል። ቢዘገይም ካሜራ አይጥልም። በስላይዱ ጫፍና ጫፍ መንሸራተትን የሚከለክሉ ትንንሽ ቡሎኖች መኖራቸውንም ማየት ነው፤ በጀልባ መሳፈሪያ ጠርዝ ላይ ቆሞ ለሚሠራ ሰው እነዚህ ቡሎኖች የካሜራውን ዋጋ ያህል ናቸው።

የማሰሪያውም ቡሎን ሁለት ዓይነት ነው፤ የሩብ ኢንችና የ3/8 ኢንች። ካሜራዎች ባብዛኛው የመጀመሪያውን፣ ትልልቅ ትራይፖዶች ሁለተኛውን ይጠቀማሉ። ማገናኛው ቀለበት ርካሽ ነው፤ እርሱ ባለመታዘዙ ግን ውድ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

የሚዞረው ክፍል ከትራይፖዱ ራስ በላይ እንጂ በታች መሆን የለበትም። ከታች ከሆነና ትራይፖዱ ጥቂት ካዘነበለ፣ ካሜራው ሲዞር የሐይቁ መስመር ዳገትና ቁልቁለት ይሆናል። ስለዚህ ራሱ የሚዞር፣ ዲግሪ የተቀረጸበት ሞርሳ ቢገኝ ከማናቸውም ይመረጣል። ለምሳሌ በብዛት የሚገኘው ባለ 18–55 ሌንስ በ18 ላይ ሆኖ፣ ሴንሰሩ አነስ ባለ ካኖን ካሜራ ላይ፣ ካሜራው ሲቆም 45 ዲግሪ ያህል ወርድ ያያል። ሲሶው እንዲደራረብ ከተፈለገ በየ30 ዲግሪው ማንሣት ነው፤ 12 ጊዜ ሲነሣ ዙሪያው ይሞላል።

ደንበኛ መጥቶ «ጋሼ፣ ይሄ ለኔ ካሜራ ይሆናል?» ሲል ከመመለስ በፊት መሞከር ይቻላል። የሌንሱ መሐል በመዞሪያው ላይ እንዲውል ካሜራውን ወደ ጎን ማስተካከል፣ ከዚያም አንድ ሜትር በሚያህል ርቀት ቀጭን ዘንግ ማቆምና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የመብራት ምሰሶ በእርሱ አጠገብ ማየት ነው። ካሜራው ወደ ቀኝ ሲዞር ዘንጉ ከምሰሶው ወደ ግራ ቢሸሽ ስላይዱን ወደ ኋላ መሳብ፣ ወደ ቀኝ ቢሸሽ ወደ ፊት መግፋት። ሁለቱ ሳይላቀቁ አብረው ሲሄዱ በስላይዱ ላይ የተቀረጸውን ሚሊ ሜትር ጽፎ ለደንበኛው መስጠት ነው። ሌንሱ ዙም ከሆነ ልኩ በየዙሙ ይለዋወጣልና በአንዱ ላይ አቁሞ በፕላስተር ማሰር ይረዳል። ስላይዱ እስከ ጫፉ ተስቦም ካልገጠመ «አይሆንም» ብሎ ረዥሙን ማሳየት ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ በስሕተት የታዘዘ ዕቃ የሚያስከትለው ኪሳራ ከፊተኛው ይበልጥ ይከብዳል። የጉምሩክ ሰነድ የሚያዘጋጀውም ሰው ይጠንቀቅ። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች መለያ ትራይፖድና መሰሎቹ በ96.20 ሲመደቡ፣ የካሜራ ክፍሎችና ተጓዳኝ ዕቃዎች በ9006.91 ይመደባሉ። ስላይዱና ሞርሳው በየትኛው እንደሚስተናገዱ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ከአስተላላፊው ጋር መነጋገር፣ በፋክቱሩም ላይ «የካሜራ ዕቃ» ብሎ ከመተው ስሙን፣ ርዝመቱን፣ የተሠራበትን ብረትና ሥራውን ለይቶ መጻፍ ይገባል። ለመጀመሪያው ትእዛዝ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት በቂ ነው። ከምረቃው ሰሞን ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብሎ ቢገባ፣ ባለ ፎቶ ቤቶቹ በሐይቁ ዳር እየተለማመዱ ለመጠበቅ ጊዜ ያገኛሉ።