የካላዛርን ሒሳብ ማን ይክፈል?

ክረምት ሲገባ የሰሊጥ አረም፣ መስከረም ሲጠባ አጨዳው፣ ከደጋው ወጣቱን ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ወደ ገንዳ ውሃና መተማ ይጠራል። የቀን ሠራተኛው ማሳው ውስጥ ይሠራል፤ እዚያው ዛፍ ሥር ወይም በተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ያድራል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትነክሰውም በዚያ ሰዓት ነው። በሽታው ካልታከመ የሚይዛቸውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይገድላል።

በኢኮኖሚ ቋንቋ ካላዛር ገበያ የሌለው በሽታ ነው። የሚታመመው ድኻ ስለሆነ መድኃኒት አምራቹ ትርፍ አያይበትም። ይህን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ዲኤንዲአይ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ የመድኃኒት ምርምር ድርጅት የራሱ ፋብሪካ የለውም። ከመንግሥታት፣ ከጌትስ ፋውንዴሽንና ከመሰሎቹ ገንዘብ ያሰባስባል፤ ሥራውን ለኩባንያዎችና ለዩኒቨርሲቲዎች ያከፋፍላል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከልም በእሱ ድጋፍ የተጀመረ ነው። ሁለት መድኃኒቶች ተጣምረው ሲሰጡ ቀድሞ 30 ቀን ይፈጅ የነበረው መርፌ ወደ 17 ቀን ወረደ። በአጨዳ ወቅት 13 ቀን ለቀን ሠራተኛ ብዙ ገንዘብ ነው። ጊሊያድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም አምቢሶም የተሰኘውን ውድ መድኃኒት በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩትና በጠና ለታመሙት ሕይወት አድን ነው።

ይህን ውለታ አላሳንስም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ለጋሽ ገንዘቡን የሚያውለው ሊቆጠርና ሪፖርት ሊደረግ በሚችል ነገር ላይ ነው፤ ለሙከራ፣ ለክኒን፣ ለአዲስ ግኝት። አልጋ ለያዘው ሕሙም ምግብ፣ ለአስታማሚው ትራንስፖርት፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያው ደመወዝ የሚከፍለው ያንሳል። ለጋሹ ሲወጣም ውሳኔው የሚተላለፈው ሩቅ አገር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በምሥራቅ አፍሪካ የካላዛር ሥራን ይደግፍ የነበረውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2021 ከጊዜው በፊት ዘጋ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አብዛኛውን የውጭ ዕርዳታዋን በአንድ ጊዜ አቆመች። ጌትስ ፋውንዴሽንም 200 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2045 እንደሚዘጋ አስታውቋል።

ታዲያ ከስፍራው የማይጠፋው ገንዘብ የትኛው ነው? ሰሊጡ ነው። የቅባት እህል ከቡና ቀጥሎ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከምታገኝባቸው ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ነው፤ የምርቱም ጉልበት ይኸው ሠራተኛ ነው። ካላዛር እዚህ የሥራ ላይ በሽታ ነው ብዬ አምናለሁ። የሥራ ላይ በሽታን ወጪ ደግሞ አሠሪው መጋራት አለበት። ሕክምናው በነፃ ቢሰጥም ሠራተኛው ጤና ተቋም እስኪደርስ ያለው መንገድ፣ የሚበላውና የሚያጣው የቀን ገቢ በነፃ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለውም መታወቂያው የወጣው በደጋው ቀበሌ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ሰሊጡ ሲሸጥ ከየኩንታሉ ጥቂት ብር ይቀነስ፤ ገንዘቡ ለአጎበር፣ ለሕሙማን ምግብና ለማጓጓዣ ይዋል፤ የዞኑ አስተዳደር፣ የሰሊጥ ባለሀብቶቹና የአካባቢው ሆስፒታል በጋራ ይቆጣጠሩት። የአካባቢው ግጭትና የሱዳን ጦርነት ባለሀብቱን እንደጎዱት አውቃለሁ፤ በዚህም ምክንያት መዋጮው ከምርቱ መጠን ጋር ከፍ ዝቅ ይበል እንጂ በቁርጥ አይተመን። የምዕራብ ጎንደር ዞን አስተዳደርና የሰሊጥ አምራቾች ከሚቀጥለው የአረም ወቅት በፊት ተቀምጠው ይወስኑ።