ኮምፒዩተር ሲገዙ የኔትወርክ መለያውንም ይረከቡ

100 አዳዲስ ኮምፒዩተሮችን ገዝቶ መጋዘን ያስገባ ድርጅት ወጪው አበቃ ብሎ ካሰበ ተሳስቷል። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካ የተሰጠው፣ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ባለ 12 ምልክት መለያ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 6 አምራቹን ያመለክታሉ። ያልተመዘገበ መሣሪያ በማያስገባ ኔትወርክ ላይ ይህ መለያ አስቀድሞ ካልተሰበሰበ ኮምፒዩተሩ ሥራ ይፈታል፤ የሠራተኛው ደመወዝ ግን ይከፈላል።

መለያውን አንድ በአንድ እየከፈቱ በእጅ መገልበጥ ጊዜ ይፈጃል፤ 8ን ከ"ቢ" ማምታታትም አይቀርም። ርካሹ መፍትሔ ያለው ጨረታው ላይ ነው። አቅራቢው መለያዎቹን ከየኮምፒዩተሩ ሴሪያል ቁጥር ጋር በኤክሴል እንዲያስረክብ ሰነዱ ያስገድደው። ብዙ ላፕቶፖች ለገመድና ለዋይፋይ የተለያየ መለያ ስላላቸው ሁለቱም ይጠየቁ። ከርክክቡ በፊት ጥቂቶቹን ከፍቶ ማመሳከር ይበጃል፤ ክፍያ ከተለቀቀ በኋላ አቅራቢን ማሯሯጥ ከባድ ነው።