ላምባ ወይስ ባሩድ? ስለ ትንንሽ ሮኬቶች ነዳጅ

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሮኬት ለመጻፍ መነሣታችንን ሲያዩ የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ይሥቁብን ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩ አገራችንን የሚነካ ስለ ሆነ የገባንን ያህል ለማስረዳት እንሞክራለን።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት በቻይና ከታይዩዋን ጣቢያ ተወነጨፈች። ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል ስለ ነበረ ሮኬቱ የተነሣው ለእርሷ ሲባል አልነበረም፤ ዋናው ጭነት ቻይናና ብራዚል በኅብረት የሠሩት ትልቅ ሳተላይት ነበር። ከቢቸና ወደ ሞጣ በእህል መኪና ላይ የሚሳፈር መንገደኛ የሚነሣው ባለ መኪናው በፈቀደ ጊዜ፣ የሚወርደውም መኪናው በቆመበት ነው። ትንንሽ ሮኬቶች የተፈለጉትም ትንሿ ሳተላይት በራሷ ቀንና በራሷ መንገድ እንድትሄድ ነው።

መንገዱ ግን ብርቱ ነው። በምድር ዙሪያ ለመዞር በሰኮንድ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል መሮጥ ያስፈልጋል። ቢቸናና ሞጣ በአየር መስመር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ይህን ሳተላይት በ11 ሰኮንድ ገደማ ታልፈዋለች። እንዲህ ያለውን ፍጥነት ለማግኘት ከሮኬቱ ክብደት ከዐሥር ዘጠኙ እጅ ያህል ነዳጅ መሆን አለበት። ባለሙያዎችም የነዳጅን ጉልበት የሚለኩት በሰኮንድ ነው፤ ይኸውም አንድ ኪሎ ነዳጅ አንድ ኪሎ ክብደት ስንት ሰኮንድ ደግፎ ያቆማል ማለት ነው።

ደረቁ ነዳጅ የባሩድ የልጅ ልጅ ነው። የሚሠራው ከጎማ መሰል ነገር፣ ከአሉሚኒየም ዱቄትና ኦክሲጅን ከሚሰጥ ጨው ሲሆን 280 ሰኮንድ ያህል ይሰጣል። ፓምፕ የለው፣ የተወሳሰበ ቧንቧ የለው፤ ነዳጁ ያለበት ጋን ራሱ ሞተር ነው። ተሞልቶም ለዓመታት ይቀመጣል። ክፋቱ፣ አንዴ ከተለኮሰ እንደ ልብ አጥፍቶ እንደ ገና ማስነሣት አይቻልም።

የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን የወሰዳት ሎንግ ማርች 4ቢ ግን የሚነዳው በናይትሮጅን ቴትሮክሳይድና የሃይድራዚን ዘር በሆነ ፈሳሽ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ክብሪት ሳይሹ ይነድዳሉ፤ ስለዚህ ሞተሩን ደጋግሞ ማስነሣት ቀላል ነው። ጉልበታቸው 300 ሰኮንድ ገደማ ነው። ነገር ግን ሁለቱም መርዝ ናቸው። ታይዩዋን ደግሞ ከባሕር ርቆ የሚገኝ ጣቢያ በመሆኑ፣ ነዳጁን የጨረሰው የሮኬት ክፍል የሚወድቀው በየብስ ላይ ነው። በቻይና የነዚህ ክፍሎች ስብርባሪ በገጠር መንደር አጠገብ የወደቀበት ጊዜ አለ። የገበሬ ልጆች እንደ መሆናችን ይህን ቀላል ነገር ነው ብለን ለማለፍ አልቻልንም።

ሁለተኛዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. የሄደችው በሎንግ ማርች 8 ነው። የዚህ ሮኬት የታችኛው ክፍል የሚያነድደው በኩራዝ የምናውቀውን የላምባ ዘመድ፣ ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ኦክሲጅን ነው፤ ይህም አየር በሌለበት 340 ሰኮንድ ገደማ ይደርሳል። የላይኛው ክፍል ሃይድሮጅን ስለሚያነድድ ወደ 450 ይጠጋል። ታዲያ ለምን ሁሉም በሃይድሮጅን አይሄድም? የፈሳሽ ሃይድሮጅን አንድ ሊትር 70 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ የላምባው 800 ያህል። ሃይድሮጅን የጫነ ሮኬት ጭድ እንደ ጫነ አህያ ነው፤ ሸክሙ ቀሎ ግዝፈቱ መንገድ ይዘጋል። ለትንሽ ሮኬት የጋኑ ክብደት ብቻ ትርፉን ይበላዋል።

የላምባ ሞተር ችግር ፓምፑ ነው። ሮኬቱ ሲያንስ ፓምፑና የሚያዞረው ተርባይን በዚያው ልክ አያንሱም። ኤሌክትሮን የተባለው፣ ከኒውዚላንድ የሚነሣው ሮኬት፣ ፓምፑን በባትሪ አዞረ፤ ያለቁትንም ባትሪዎች በመንገድ ላይ ይጥላቸዋል። ቁመቱ 18 ሜትር ሲሆን እስከ 300 ኪሎ ይሸከማል። በእኛ አስተያየት ለትንሽ ሮኬት ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ፈሳሽ ኦክሲጅን የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ቅርብ እስካለ ድረስ።

ኦክሲጅን በሌለበት ግን ደረቁ ያሸንፋል። ጣሊያኖች በኬንያ ከማሊንዲ አጠገብ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ካቆሙት መድረክ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ኡሁሩ የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት የተነሣችው ስካውት በተባለ፣ አራቱም ክፍሎቹ ደረቅ ነዳጅ በሆኑ ሮኬት ነው። ክብደቷ የእኛን እጥፍ ያህል ነበር። የተቃጠሉት ክፍሎች የወደቁት በባሕር ነው። ከቢቸና ወደ ምሥራቅ ቢተኰስ ግን ዓባይን ተሻግሮ ያለው ወሎ ነው፤ በዚያም ሰው ያርሳል።